«ሊሄድ ነው አሉ»፤ ከማን ሰማህ?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከአንድ የመስጂድ ረዳት የሚጠበቅ ላይመስላችሁ ይችላል። ስለ ፉቲ ነው። ሜልበርን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሌላ አገር ላላችሁ፦ በሰፊ ሞላላ ሜዳ ላይ ከየቡድኑ 18 ሰው ሞላላ ኳስ እየለጋና በቡጢ እየመታ የሚራወጥበት የአውስትራሊያውያን ኳስ ነው። የምኖረው ፉትስክሬይ ነው። የዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ መቀመጫ የሆነው ዊተን ኦቫል እዚሁ ሰፈራችን ነው። ስለዚህ ኳሱን ባልከታተል እንኳ ወሬው እየተከታተለ ያገኘኛል።

ወሬው የሚጦፈው ደግሞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። የፍጻሜው ዋንጫ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይነሳል። ከዚያ በኦክቶበር የተጫዋቾች ልውውጥ ይከፈታል። ያኔ ከዒሻ ሶላት በኋላ ደጃፉ ላይ ጫማ እያሰሩ የሚቆሙት ወጣቶች ቶሎ አይበተኑም። «እገሌ ሊሄድ ነው አሉ»፣ «እገሌን በሁለት ተራ ሊሰጡት ነው አሉ»፤ ወሬው በ«አሉ» ተጀምሮ በ«አሉ» ያልቃል።

ለወጣቶቹ ሐቃቸውን ልስጥ። ነገሩ ጭንቅላት ይፈልጋል። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ሀብታሙ ክለብ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች የሚገዛበት አይደለም። ሁሉም ክለብ የደመወዝ ጣሪያ አለበት። ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች፣ ወይም ከአዳጊዎች መካከል ቀድሞ በመምረጥ ተራ ነው። ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ክለቦች የመጪውን ዓመት ተራ ጭምር መለዋወጥ ይችላሉ። በዚያው ዓመት ለየተራው የነጥብ ዋጋ ወጣለት፤ አንደኛው ተራ 3000 ነጥብ ተባለ። ከ2012 ወዲህ ደግሞ ለዓመታት በአንድ ክለብ ያገለገለ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ በነፃ ተጫዋችነት መሄድ ይችላል። ይህን ሁሉ አንድ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ በቃሉ ሲያሰላ ስሰማ፣ «ይህን ጭንቅላት ለፈራኢድ ብታውለው የውርስ ክፍፍል ሊቅ ትሆን ነበር» ብየዋለሁ። ሳቀ።

እኔ ግን ያደግኩት መድረሳ ነው። አንድ ተማሪ «እንዲህ ተብሏል» ሲል የሸኻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ሰማህ?» ነበር። ቀጥለው «እሱስ ከማን?» ይላሉ። ሰንሰለቱ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ፣ ወሬው የቱንም ያህል ቢያምር እዚያው ይቀራል። ልማድ ሆኖብኝ የዝውውር ወሬም በዚህ ጆሮ ነው የምሰማው። «ለክለቡ ቅርበት ያለው ሰው እንደተናገረው» ይላሉ። ማነው? ስም የለውም። የሰማው ማነው? እሱም ስም የለውም። በእኛ ሚዛን ይህ መጅሁል ከመጅሁል የሰማው ነው።

ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በ2013 ላንስ ፍራንክሊን የሚባለው የሆውቶርን ግብ አዳኝ ውሉ ሊያልቅ ነበር። ወደ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ እንደሚሄድ ለረጅም ጊዜ ሲወራ ቆይቶ ብዙ ሰው እንዳለቀ ነገር ይዞት ነበር። ሆውቶርን ዋንጫ ባነሳ በቀናት ውስጥ ግን ጉዞው ወደ ሌላው የሲድኒ ክለብ፣ ወደ ስዋንስ መሆኑ ተሰማ፤ ለዘጠኝ ዓመት፣ በአስር ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ከተማዋን ያገኙ ሰዎች ቤቱን ስተውታል። በ2017 ደግሞ ዱስቲን ማርቲን ሪችመንድን ትቶ ወደ ኖርዝ ሜልበርን ይሄድ ይሆን እየተባለ ወሬው ወራት ፈጀ። እሱ እዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት የሊጉን የኮከብነት ሽልማት፣ የፍጻሜውን ጨዋታ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትና ዋንጫውን ወሰደ፤ ለሪችመንድ ከ1980 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር። የተሳሳተውን የሚተምኑት ሰዎች በማግስቱ ሌላ ወሬ ይዘው ብቅ አሉ። ማንም «ያ ያልከውስ?» ብሎ አልያዛቸውም።

«ኡስታዝ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። ሰው ስለ ክለቡ ቢያስብ፣ ቢገምት፣ «እኔ አሰልጣኝ ብሆን» ቢል ምን ነውር አለው? ገንዘብ ከተጨመረበት ግን ቁማር ነው፤ ይህ ኳስ ደግሞ በውርርድ ማስታወቂያ የተከበበ ስለሆነ ከግምት ወደ ውርርድ ያለው መንገድ አጭር ነው። ሌላው ጉዳት ዝም ያለ ነው። ከተራው ቁጥር ጀርባ ሰው አለ፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ቤት ያለው ሰው። በ2020 አዳም ትሬሎር ከኮሊንግዉድ ጋር ገና ዓመታት የሚቀሩት ውል እያለው፣ መቆየት እንደሚፈልግም እየተናገረ፣ ልውውጡ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ወደ እኛው ሰፈር ክለብ ተላከ። የልጁ እናት ቅርጫት ኳስን በሚመስለው በኔትቦል ለመጫወት ወደ ኩዊንስላንድ መሄዷ ራሱ የአደባባይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሰው ቤተሰቡን እንዴት እንደሚያኖር አገር ሲከራከርበት አስቡት።

መሄድ በራሱ መጥፎ አይደለም። ወንድማችን ባሻር ሁሊ በ2010 መጨረሻ ከኤሰንደን ወደ ሪችመንድ ሄዶ በ2017፣ በ2019 እና በ2020 ሦስት ዋንጫ አንስቷል። ለስንቱ ሙስሊም ልጅ በር ከፍቷል! ክፋቱ መሄዱ ላይ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ሳይናገር እኛ የምንናገርለት ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ለፉቲ ብቻ ብዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት በዚያው የልውውጥ ሰሞን ወሬው ወደ መስጂዳችን ገባ። የማገለግላቸው ኢማም ከሌላ መስጂድ ቢሮ ወረቀት ይዘው ሲወጡ አንድ ሰው አየ። ከአስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ «ሊሄዱ ነው አሉ» ሆነ። ከዒሻ በኋላ «ፈረሙ» ተባለ። አንዱ «በሁለት ሙአዚንና በመጪው ዓመት አንደኛ ተራ ለወጧቸው» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። በሳምንቱ ግን ሁለት ወላጆች «ኢማሙ የሚሄዱ ከሆነ» ብለው ልጆቻቸውን ከቁርኣን ትምህርት ለማስወጣት ጠየቁኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ደመወዝ አንሷቸው ነው ብለው ብር ሊያሰባስቡ ተነሱ።

ወረቀቱ የአንድ እንግዳ ሟች የቀብር ወረቀት ነበር። ዘመድ ስላልነበረው ኢማሙ ራሳቸው እየዞሩ ነበር የሚያስጨርሱት። ሰው ሁሉ ያወራ ነበር፤ እሳቸውን የጠየቀ ግን አልነበረም። ቤታቸው የጠየቀቻቸው የአስር ዓመት ልጃቸው ናት፤ «አባ፣ ትምህርት ቤት ልቀይር ነው?» ብላ እያለቀሰች። ይህን የነገሩኝ ቅር ብሏቸው ሳይሆን ረጋ ብለው ነው። እኔን ግን ከማንኛውም ኹጥባ በላይ ነካኝ። ትሬሎርም ቤት ውስጥ ሕፃን ነበረች።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ለወጣቶቹ የነገርኳቸው መላ አጭር ነው። «ሊሄድ ነው አሉ» ሲባል፣ አንደኛ «ከማን ሰማህ?» በሉ። ሁለተኛ ግምታችሁን «ግምቴ ነው» ብላችሁ ተናገሩ እንጂ የዜና ልብስ አታልብሱት። ሦስተኛ ስለ ሜዳው ያሻችሁን ገምቱ፤ የሰውየው ጓዳ በር ላይ ስትደርሱ ግን ተመለሱ። ባለቤቱ አጠገባችሁ ካለማ መገመቱ ምን ያደርጋል? መጠየቅ ነው።

ልጆቹ ዘንድሮም ያወራሉ፤ አልከለከልኳቸውም። ባለፈው ጁሙዓ አንዱ አዲስ ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ያ የነጥብ ሰሌዳ በቃሉ የሚያሰላው ልጅ ቀና ብሎ «ሰነዱስ?» አለው። ባለወሬው ስልኩን ገልብጦ ኪሱ ከተተ።

አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን፤ የወንድሞቻችንን ክብር ከምናነሳ ከምንጥል አያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።