ጡት የምታጠባ ተረኛ

በእኛ ልማድ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80ኛው ቀን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነውና፣ ክርስትናው በተበላ በ10ኛው ቀን ፈቃዱ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ይመክራል። የቀረውን 3 ወር ማን ይሙላው?

እኔ በመቀሌ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ የምኖር ነርስ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰኝ ወተቴን በንጹሕ ዕቃ አልቤ ለእናቴ እተዋለሁ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ መብራት ካልጠፋ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያልና። በሥራ ላይ ሳለሁ ግን የሰው ልጅ ሲያለቅስ ጡቴ አግቶ ልብሴን ያርሰዋል። የማልብበት ክፍል ስለሌለ ከዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ኋላ እሸሸጋለሁ። ይህን የማደርገው ለሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ያልታለበ ጡት ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ነገ ሹም የምትሆኑ ተማሪዎችና ጸሐፊዎች ሆይ፤ ቁልፍ ያለው በር፣ አንድ ወንበርና አንድ ማቀዝቀዣ ብዙ ወጪ አይደለም። እናት ሠራተኛ ይህን ስትጠይቃችሁ ውለታ እንደ ለመነች አትቁጠሩባት።