ሀቫናን ከቤተሰብ ጋር

ለአያሌ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ኩባ ሩቅ ስም አይደለችም። ከ1978 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻችን ከዋና ከተማዋ ከሀቫና በስተደቡብ በምትገኘው የወጣቶች ደሴት ተምረዋል። ዛሬ አንባብያንን የምናስጎበኘው ሀቫናን ነው።

ስፔናውያን ቅኝ ገዥዎች በ1519 የቆረቆሯት የዚህች የወደብ ከተማ አሮጌ ክፍል፣ ከነምሽጎቹ በ1982 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አደባባዮቹ በእግር የሚዳረሱ በመሆናቸው ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይመቻሉ።

ጉብኝቱን ከአርማስ አደባባይ መጀመር ይሻላል። በአጠገቡ በሚገኘው የሪያል ፉዌርሳ ምሽግ ማማ ጫፍ ላይ፣ የነፋስን አቅጣጫ የምታመለክት ትንሽ የነሐስ ሴት ቆማለች። እንደሚነገረው ሴትዮዋ ኢሳቤል ዴ ቦባዲያ ናት። ባሏ ኤርናንዶ ዴ ሶቶ በ1539 ወደ ፍሎሪዳ ሲዘምት የደሴቲቱን አስተዳደር ለእርሷ ትቶ ሄደ፤ በ1542 በዘመቻው ላይ እንዳለ ሞተ። አፈ ታሪኩ ባሏን ስትጠብቅ እንደ ኖረች ብቻ ይተርካል። ይሁን እንጂ ሴቶች ልጆቻችን ሐውልቷን ቀና ብለው ሲያዩ፣ አገር ያስተዳደረች መሆኗንም ቢሰሙ መልካም ነው።

ከዚያ ጥቂት መንገዶች አልፎ ኦብራፒያ የተባለው ጠባብ ጎዳና ይገኛል። ትርጉሙ «የጽድቅ ሥራ» ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በዚያ ቤት የነበራቸው ባለጸጋ፣ በ1669 በየዓመቱ አምስት ወላጅ አልባ ልጃገረዶች ሲያገቡ ይዘውት የሚገቡትን ገንዘብ በመናዘዛቸው ነው። ከዚሁ ቤት ፊት ለፊት በ1986 የተከፈተው «የአፍሪካ ቤት» ሙዚየም አለ። በውስጡ የተሰበሰቡት ዕቃዎች ከአህጉራችን በባርነት የተጋዙትን ሰዎች ባህልና እምነት ያስታውሳሉ። በ1870 አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ከባሪያ እናት የተወለደ ሕፃን የጌታዋ ንብረት ነበር፤ ባርነት ጨርሶ የቀረው በ1886 ነው። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ፣ በአንድ ወገን ለአምስት ልጃገረዶች የተደረገ ቸርነት፣ በሌላው ወገን ልጇን የእኔ ለማለት መብት ያልነበራት እናት ታሪክ አለ። አንዱን ብቻ አይቶ ማለፍ ከተማዋን በግማሽ ማየት ነው።

ወደ ማታ ግንባታው በ1901 በተጀመረው፣ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው በማሌኮን የባሕር ዳር ጎዳና መንሸራሸር ያስደስታል። የከተማው ሕዝብ ከነቤተሰቡ በግንቡ ላይ ተቀምጦ ይጨዋወታል፤ ዓሣ የሚያጠምድም አይጠፋም። የሰሜን ነፋስ ሲበረታ ግን ማዕበሉ ግንቡን ተሻግሮ ጎዳናውን ስለሚያጥለቀልቅ ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል። ከወደቡ ማዶ በካባኛ ምሽግ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የጥንት ወታደሮች ልብስ የለበሱ ሰዎች መድፍ ይተኩሳሉ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ተኩሱ የከተማይቱ በር መዘጋቱን ያስታውቅ ነበር።

ለጉዞው ዝናብ የሚቀንስበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ባርኔጣ፣ የመጠጥ ውኃና ለድንጋይ መንገድ የሚሆን ዝቅተኛ ጫማ መያዝ አይዘንጋ።