ነጃሺ ምን አበላቸው?



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ጣፋጭ ምግብ ነው። እንድንሠራው ያደረገን ፊልም ነው፤ ሠርተን ስንጨርስ ግን ከፊልሙም ከጣፋጩም በላይ የሆነ የራሳችን ጥፋት ፊታችን ቆሞ አገኘነው።

መድረሳችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። ጠዋት ልጆቹን ቁርኣን ስናስቀራ ነጠላ ያጣፉ ጸበልተኞች በበራችን ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ከተራራው ይወርዳሉ። እኛ ቁጥራችን ትንሽ ነው። ከአጥራችን ቀጥሎ ያሉት ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

በ2017 ዓ.ም ረመዷን የገባው የካቲት 22 ነበር። ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾምን ከአምስት ቀን ቀድመው፣ የካቲት 17 ይዘዋል። ስለዚህ ረመዷኑን ሙሉ ሠፈሩ በጠቅላላ ጾመኛ ሆኖ ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን ለደረሶቻችን «አር-ሪሳላ»ን ልናሳያቸው አሰብን። ብዙዎቻችሁ «ዘ ሜሴጅ» በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ሸይኻችን ሁለት ነገር አስጠንቅቀው ፈቀዱልን፦ ሙዚቃው ዝቅ ይበል፣ ፊልም የሲራ ኪታብን እንደማይተካም ለልጆቹ ይነገራቸው። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ለሁለት ቀን ከፈልነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ አረብኛውን እየተረጎምንላቸው አዩት።

ፊልሙን የሠራው ሐለብ የተወለደው ሶሪያዊ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ነው የቀረጸው፤ አንዴ በአረብኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። የሐምዛን ቦታ በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን፣ በአረብኛው ዐብደላህ ገይስ ይዘውታል። ቀረጻው ሞሮኮ ተጀምሮ ሊቢያ ነው ያለቀው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም።

ለእኛ ለሐበሾች ግን ልብ የሚነካው የነጃሺ ክፍል ነው። የመካ ሰዎች ስደተኞቹን መልሰው ሊወስዱ መጥተዋል። ጀዕፈር ንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ መርየም የወረደውን ይቀራል። ንጉሡ ያለቅሳል። ከዚያ በበትሩ መሬት ላይ አንዲት መስመር ያሰምርና በሁለቱ እምነት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህች መስመር እንደማይበልጥ ይናገራል። በሲራ የምናውቀው ከመሬት አንዲት እንጨት ማንሳቱን ነው፤ መስመሩ የፊልሙ ነው። ይህንንም ለልጆቹ ነገርናቸው።

ፊልሙን አቁመን ስናብራራ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

«ኡስታዝ፣ ነጃሺ ምን አበላቸው?»

ልጆቹ ሳቁ። ጾም ላይ ስለነበርን ጥያቄው ከሆዱ የመጣ መሰላቸው። እኛ ግን መሳቅ አቃተን። ሲራው የሚተርክልን ንጉሡ ፍትሕ እንደሰጣቸው ነው። ነገር ግን ጀዕፈርና ባልደረቦቹ በዚህ አገር ከ10 ዓመት በላይ ኖረዋል። ያን ሁሉ ዘመን የኖሩት የዚህን አገር እህል በልተው ነው፤ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ውኃ እየቀዱ፣ እሳት እየተጫጫሩ ነው።

ለምን መሳቅ እንዳቃተን እንንገራችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በገና ማግስት፣ እማማ ትኩስ ድፎ ዳቦ በሰፌድ ይዘው ለልጆቹ መጥተው ነበር። በር ላይ የተቀበላቸው አንድ የ12 ዓመት ደረሳ «የእናንተን አንበላም» ብሎ መለሳቸው። ልጁ ይህን ከራሱ አላመጣውም። በዚያው ሳምንት ስለ እርድ አስተምረን ነበር። ስለ ሥጋው ተናገርን፤ ስለ ዳቦው፣ ስለ ሽሮው፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ አንድ ቃል ሳንል ደርሱን ዘጋነው። ልጁ የጎደለውን በራሱ ሞላው።

እማማ አልተቆጡም። ዳቦውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነፈጉንም፤ በራችንን ግን ረግጠው አያውቁም። እኛም «ነገ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን» ስንል ዓመቱ አለፈ።

የዚያን ዕለት ማታ ከተራዊሕ በኋላ አንድ ነገር ሠርተን ልንወስድላቸው ተስማማን። ምን እንሥራ? ሐይስ ትዝ አለን። ሐይስ ተምር፣ ቅቤና አቂጥ የሚባለው የደረቀ እርጎ አንድ ላይ ታሽቶ የሚሠራ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሶፊያን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ የቆዳ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሰው ያለውን አምጥቶ የተበላው የሰርግ ምግብ ይኸው ሐይስ ነበር። ጀዕፈር ከሐበሻ የተመለሱትም በዚያው በኸይበር ሰሞን ነው። ታዲያ ለነጃሺው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምን ምግብ ይገኛል?

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነልንም። በአቂጥ ፋንታ አይብ ጨመርን፤ ውኃውን በደንብ ስላላጠፋነው ተንጣለለ። በሁለተኛው አይቡን ትተን ተምሩን በለጋ ቅቤ አሸነው። እጅ የሚያስቆረጥም ሆነ። ሰሃን ላይ ደርድረን ልንሸፍነው ስንል ያ ዳቦውን የመለሰው ልጅ ከኋላ ሆኖ በቀስታ ተናገረ።

«ኡስታዝ፣ እማማ እኮ ጾም ላይ ናቸው። ቅቤ አይበሉም።»

ሁላችንም ዝም አልን። ይቅርታ ልንጠይቅ የተነሳነው ሰዎች ሊበሉት የማይችሉትን ነገር ይዘን በራቸው ላይ ልንቆም ነበር። አሁንም ያሰብነው ስለ ራሳችን እንጂ ስለ እሳቸው አልነበረም።

ከዚያ ሸይኻችን አስታወሱን። ከአነስ (ረ.ዐ) በመጣ ሌላ ዘገባ ያ የሰርግ ግብዣ ተምርና ሰዊቅ እንደነበር ተነግሯል። ሰዊቅ ምንድን ነው? ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ የመንገደኛ ስንቅ። የእኛው በሶ ማለት ነው! ቅቤም ወተትም አያስፈልገውም።

ልትሠሩት ብትፈልጉ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ተምር ፍሬውን አውጥታችሁ በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ አለስልሱት። ሁለት እፍኝ ሰሊጥ ቆልታችሁ ግማሹን ውቀጡ። ተምሩን፣ የተወቀጠውን ሰሊጥ፣ ትንሽ ኮረሪማና ሁለት ማንኪያ ዘይት አንድ ላይ እሹ። በሶውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ይበቃዋል። ከዚያ የእንቁላል አስኳል እያሳከላችሁ ድቡልቡል አድርጉትና በቀረው ሰሊጥ ላይ አንከባልሉት።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ከዙህር በኋላ ሄድን። ሰሃኑን ያ ልጅ ይዞታል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ በር ላይ አገኘናቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

«እማማ፣ ያን የመለስነውን ዳቦ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የእኛ ነው። በደንብ አላስተማርነውም» አልን።

ልጁ ሰሃኑን በሁለት እጁ አቀረበ። «ቅቤ የለውም፣ እማማ። ወተትም የለውም። በሶና ተምር ነው።»

እማማ ልጁን ዝም ብለው አዩት። «ይሄን ደግሞ ማን አሰበው?» ብለው ጠየቁ። ወደ ልጁ ጠቆምን። ራሱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«ዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ስመለስ እበላዋለሁ» አሉ። እኛም አዛን እስኪል አራት ሰዓት ተኩል ይቀረን ነበር። የሚበላ ነገር በመካከላችን ተቀምጦ፣ አንዳችንም መቅመስ ሳንችል፣ ተመራርቀን ተለያየን።

በነጋታው የመድረሳው በር ተንኳኳ። እማማ ነበሩ፤ በእጃቸው ላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። «በሶአችሁ አልተቆላም» አሉ። «ጥሬ ጥሬ ይላል። ገብስ እንዲህ አይቆላም፣ ልጆቼ። ይኸው፣ በዚህ ሥሩት።» ልጁ ተቀበላቸውና «ይግቡ፣ እማማ» አለ። ገቡ።

የዚያን ዕለት ኢፍጣር ላይ የቀረበው ጣፋጭ በእማማ በሶ የተሠራው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የእኛው ጥሬ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ በነጃሺ ሁላችንም እንኮራለን። ስሙን ስናነሳ ግን የምንናገረው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ለእኛ ስላደረገው ነው። የእኛ ልጆች የጎረቤታቸውን ጾም አውቀው ቅቤ የሚተዉ ከሆነ፣ ያን ታሪክ ተምረውታል ማለት ይቻላል። እናንተም ሠፈር ውስጥ የመለሳችሁት ዳቦ ካለ፣ እንደ እኛ ዓመት አትጠብቁ።

አላህ ለጎረቤቶቻችን ሐቅ የምንቆም ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።