«ተቃጥሏል» ሲሉዎት

መብራት ሄዶ ሲመጣ በየቤታችን የሚሰማው ድምፅ ይታወቃል። ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ቴሌቪዥኑ ይበራል። ባለፈው ግንቦት አንድ ምሽት እኛ ቤት ሁሉም ሲመለስ አንድ ዕቃ ብቻ ሳይመለስ ቀረ፤ የትልቋ ልጃችን ኮምፒዩተር። ማብሪያውን ብትጫነው ዝም። ገመዱን ነቅላ ሌላ ሶኬት ላይ ብትሰካው ዝም። አንዲት ትንሽ መብራት እንኳ አልበራችም።

ልጃችን የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የነደፈችውን ሕንፃ ከነብርሃኑ ከነጥላው እውነተኛ አስመስሎ በምስል ማውጣት ተራ ላፕቶፕን ሌሊቱን ሙሉ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ እዚህ፣ አክስቷ ደግሞ ከአሜሪካ ሆና አዋጥተን ጉልበት ያለው ዴስክቶፕ አስገጣጠምንላት። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በመንገደኛ ሻንጣ መጡ። ከባድ ከባዱን፣ ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን፣ እዚሁ ገዛን። ከመኪናችን ቀጥሎ በቤታችን ውዱ ዕቃ እሱ ነው። መብራቱ በሄደበት ምሽት የመመረቂያ ሥራዋን ለማስረከብ 19 ቀን ነበር የቀራት።

በማግስቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ሰካው፣ ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ተጫነ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ግራፊክስ ካርዱም አብሮ ሳይሄድ አይቀርም» አለን። ቀጥሎም እንዳለ ከሸጥንለት ሊገዛን እንደሚችል ነገረን። የጠራው ዋጋ የግራፊክስ ካርዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እስከዚያ ዝም ብላ የነበረችው ልጄ «ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ሞክራችሁታል?» ብላ ጠየቀችው። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሥራችን ነው» አላት። አመስግነን ተሸክመነው ወጣን።

ሰውየው ሊያታልለን ነበር አልልም። ከኋላው የተደረደረውን ኮምፒዩተር ላየ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት መስጠት እንደማይችል ይገባዋል። ዳሩ ግን «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ምርመራ አይደለም። ሐኪም ልብዎን ሳያዳምጥ «ልብዎ ነው» ቢልዎት ዝም ብለው እንደማይቀበሉት ሁሉ፣ እዚህም «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ልጄ ያደረገችውን ልንገርዎት፤ አንድ ቀን ይጠቅምዎት ይሆናል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ፓወር ሰፕላይ የግድግዳው ገመድ ከኬዙ ጀርባ የሚሰካበት የብረት ሳጥን ነው። ጤፍ ከገበያ እንደመጣ ምጣድ ላይ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክም እንዳለ ማዘርቦርድ ላይ አይደርስም። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ። ኮምፒዩተር የሚፈልገው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው። ያንን ወደዚህ የሚለውጠው ይህ ሳጥን ነው። ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን ዱላ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበለውም እሱ ነው።

ችግሩ የእሱ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ። አንደኛው እኛ ያየነው ፍጹም ዝምታ ነው። ሁለተኛው፣ ሲጫኑት ማራገቢያው ለአፍታ ዞሮ ቀጥ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ብዙዎችን የሚያታልል ነው፤ ጽሑፍ ሲጽፉበትና ፊልም ሲያዩበት ደህና ሆኖ፣ ከባድ ሥራ ወይም ጌም ሲጀመር ድንገት ድርግም ይላል። ማራገቢያዎቹ ሁሉ እየዞሩ፣ መብራቶቹም በርተው ምስል ብቻ እምቢ ካለ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን በሜሞሪና በግራፊክስ ካርዱ ይጀምሩ።

የመጀመሪያው ፈተና የሚጠይቀው አንዲት የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ነው። ልጄ ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቀለች፣ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ውስጥ የሚሄዱትን ገመዶች በሙሉ ከየዕቃው አላቀቀች። ከዚያ ትልቁን ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ይዛ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በማያያዣው አገናኘች። ገመዶቹ ሁሉ ጥቁር በሆኑባቸው ሳጥኖች አረንጓዴውን የሚተካው 16ኛው ቀዳዳ ነው። ይህ ማዘርቦርዱ «ተነሥ» ብሎ የሚሰጠውን ትእዛዝ መተካት ነው። ሳጥኑ ጤነኛ ከሆነ፣ ተሰክቶ ማብሪያው ሲከፈት ማራገቢያው መዞር አለበት። የኛው አልዞረም።

አንዳንድ ዘመናዊ ሳጥኖች ግን ጫና ከሌለባቸው ማራገቢያቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆኑት ጎረቤታችን ቴስተር ተዋስን። ሐምራዊው ሽቦ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን፣ ሳጥኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ 5 ቮልት መስጠት አለበት። ቴስተሩ ዜሮ አለ። ጎረቤታችን ጋሽዬ «ይሄ በቃ፣ አልቆለታል» አሉ። ባለቤቴ ግን አሁንም «ባለሙያ ይንካው» ከማለት አልተመለሰም፤ እያለም የስልኩን መብራት ይዞልን ቆሟል።

በዚህ ላይ ማቆም አይቻልም። ፓወር ሰፕላዩ መሞቱ ማዘርቦርዱ በሕይወት አለ ማለት አይደለም፤ ሲሞት ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የባለሙያው ግምት ትክክል የመሆን ዕድል ነበረው ማለት ነው። አዲስ ከመግዛታችን በፊት ልጄ ከክፍል ጓደኛዋ ባለ 650 ዋት ሳጥን ከነገመዶቹ ተውሳ መጣች።

«ከነገመዶቹ» ያልኩትን ይያዙልኝ። ገመዳቸው የሚነቀል ሳጥኖች አሉ። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ የሁሉም አንድ ነው። በሳጥኑ በኩል ያለው ጫፍ ግን ቅርጹ ቢመሳሰልም ውስጡ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የአንዱን ገመድ በሌላው ሳጥን ላይ መሰካት 12 ቮልት የሚያስፈልገው ቦታ ላይ 5፣ 5 የሚያስፈልገው ላይ 12 ሊልክ ይችላል። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ በአንድ ሰከንድ የሚሞተው እንዲህ ነው። ሳጥን ሲቀየር ገመዱም አብሮ ይቀየር።

የተዋሰችውን ሳጥን ከኬዙ ውጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ሰካች። ማብሪያውን ስትጫን ማራገቢያዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ተነሡ፤ ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ በራ። ማዘርቦርዱም፣ ግራፊክስ ካርዱም፣ የአምስት ወር ሥራዋም እዚያው ነበሩ። ማንም አልተናገረም። ባለቤቴ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቡና እንድናፈላ ሐሳብ አቀረበ። ልጄ ከቡናው በፊት ያደረገችው ሥራዋን ሁሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነበር።

ከዚያ የግዢው ነገር መጣ። ስንት ዋት ይበቃል? የልጄ አርቲኤክስ 3080 ካርድ 320 ዋት ይፈልጋል። ራይዘን 9 5900ኤክስ ፕሮሰሰሯ ሲጨነቅ እስከ 142 ዋት ይወስዳል። ማራገቢያው፣ ዲስኩና የቀረው ተጨማምሮ ከ530 ዋት አይርቅም። ሆኖም ካርዱ ለቅጽበት ከዚህ በላይ ይዘላል፤ የካርዱ አምራች ኤንቪዲያም ቢያንስ 750 ዋት ያለው ሳጥን ይመክራል። እኛ 850 ወሰድን። «ታዲያ ቆጣሪው አይበርም?» ካሉኝ፣ አይበርም። ዋቱ ሳጥኑ ሊሸከም የሚችለውን ነው የሚናገረው፤ የሚጠጣው ኮምፒዩተሩ የጠየቀውን ያህል ብቻ ነው።

ሳጥኑ ላይ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የብቃት ደረጃ ነው፤ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ቲታኒየም እያለ ይወጣል። ጎልድ የሆነው ግማሽ አቅሙን ሲሠራ ከግድግዳ የወሰደውን 90 በመቶ ያህል ለሥራ ያውላል። ኮምፒዩተሩ 450 ዋት ቢፈልግ ከግድግዳ የሚሳበው 500 ነው፤ 50ው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በተጨማሪ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ባለ 850 ዋት የሆነ ጥሩ ሳጥን በ12 ቮልት መስመሩ ላይ 70 አምፔር ያህል ይጽፋል። «850» የሚል ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት በዚህ መስመር ላይ 30 አምፔር ካለ፣ ትልቁ ቁጥር ጌጥ ነው።

ከውጭ ለሚያስመጡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የመግቢያው ቮልት «100–240» መባሉን ያረጋግጡ። በአንዳንድ የቆዩና ርካሽ ሳጥኖች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። አሜሪካ በ115 ተደርጎ የመጣውን ሳያዞሩ እዚህ ቢሰኩት ገና ሥራ ሳይጀምር ይፈነዳል።

የምንፈልገውን ሦስተኛው ሱቅ ላይ አገኘን። ዋጋው ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም ነበር።

መግጠሙ ከፍርሃቱ ያነሰ ነው። ከሶኬት ከነቀሉ በኋላ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ባዶ ብረት ይንኩ፤ በሰውነትዎ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይራገፋል። ገመድ ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሳጥኑን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ካቻቢቴ ይበቃል። ኬዙ ከታች የአየር መግቢያ ካለው ማራገቢያው ወደ ታች ይዙር። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቀዳዳ ሶኬትና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ቀዳዳ ሶኬት መንታ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። ጽሑፉን አንብበው ይለዩ እንጂ እምቢ ያለውን በጉልበት አይግፉ። ካርዱ ሁለት ሶኬት ካለው ደግሞ ሁለት የተለያየ ገመድ ይስጡት፤ አንዱ ላይ የተንጠለጠለውን ቅጥያ አይጠቀሙ። ልጄን ሁለት ሰዓት ፈጀባት፤ አብዛኛውን ሰዓት የወሰደው ገመዱን ማስተካከል ነው።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አያድርጉ። የሳጥኑን ሆድ ራሱን አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። የሞተውን ሳጥን እንዳለ ያስወግዱ፤ ልጆችም እንዳይፈቱት ይጠብቁ።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ሙቀትና የመብራቱ መዋዠቅ ናቸው። የካፓሲተሮቹ ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ኬዙን ከምንጣፍ ላይ ያንሱት፣ በየሁለት ወሩ አቧራውን ያራግፉለት። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ይንቀሉት፤ ሲመጣም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ዩፒኤስ ከገዙ የኮምፒዩተርዎን ዋት የሚችል ይሁን። ዘመናዊ ሳጥኖች ለስላሳ ሞገድ ከሚሰጠው ዓይነት ጋር ይበልጥ ይስማማሉ፤ ሲገዙ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» ብለው ይጠይቁ።

ልጄ ሥራዋን በቀኑ አስረከበች። እኔን ግን ከዚያ በላይ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። ባለሙያ በተባለ ሰው ፊት፣ በትሕትና ግን ሳትፈራ፣ «ለብቻው ሞክራችሁታል?» ማለቷ። እርስዎም የትኛውም ጥገና ቤት ሲገቡ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይግቡ። የተበላሸው የትኛው ዕቃ ነው? በምን ተረጋገጠ? በሌላ ጤነኛ ዕቃ ተሞክሯል? መልሱን በትዕግሥት የሚሰጥዎ ባለሙያ ካገኙ ደንበኛ ያድርጉት። እንዲህ ያሉም አሉ፤ ሳጥኑን የሸጠልን ልጅ አንዱ ነው። ቤትዎ ውስጥ ደግሞ «እስቲ እኔ ልየው» የሚል ልጅ ካለ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉና ካቻቢቴውን ያቀብሉት።