ከሕግ በፊት የምትደርስ እግር

«ቸልታ» ለጆሮ የዋህ ቃል ነው። ዱላ አይጮኽበትም፤ ደም አይታይበትም። የተረሳ ምሳ፣ ያልታጠበ ፊት፣ መልስ ያጣ የሕፃን ጥያቄ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ልጁን የማሳደግ ግዴታውን ችላ ያለ ወላጅን ይቀጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ደግሞስ፣ ውድ አንባቢ፣ ቸልታ ሁሉ ከክፉ ልብ ይመነጫልን?

እኔ ጨፋ ሮቢት ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ የምቀመጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ከወሎ ብዙ ሴት ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ከሚልኩት ብር ጥቂቱ በእጄ ያልፋል። ሊቀበሉ የሚመጡት ብዙ ጊዜ አያቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት አረጋዊት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። «እናቴ፣ ጣትዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ» ስላቸው፣ በኦሮምኛ የጀመሩትን በአማርኛ ጨረሱልኝ።

«ብሩስ ደረሰ፣ ልጄ። ይህ ልጅ ግን እስካሁን አፉን አልፈታም። ከብቶቹን ወደ ጨፋ ሜዳ ይዤ ስወርድ በር ዘግቼበት እውላለሁ፤ ምን ላድርግ?»

ሕፃኑ አያለቅስም፤ አይስቅም። ማኅተሙ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ብቻ ዓይኑን ወደ ድምፁ ያዞር ነበር። ያን ምሽት ይህችን ጻፍኩ፦

ብሩ ደረሰልን በወሩ በቀኑ፤
እናት የሚሆነው ማን ነው ለሕፃኑ?

እኒህን ሴት ጨካኝ ሊላቸው የሚደፍር ማን ነው? ይሁንና ሕፃኑ ተጎድቷል፤ አያቱን ስላከበርን የእርሱን ጉዳት ልናድበሰብስ አይገባም። ሁለቱን በአንድነት የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን ደግሞ ከቢሮ ሳይሆን ከቤቱ ውስጥ የሚያይ ነው።

ይህን በተግባር የፈተኑ አሉ። በኒውዮርክ ግዛት፣ ኤልማይራ በተባለ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዴቪድ ኦልድስና ባልደረቦቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወደሚጠብቁ እናቶች ቤት ነርሶችን ላኩ። አብዛኞቹ እናቶች ወጣት፣ ድሃ ወይም ያላገቡ ነበሩ። ጉብኝቱ ከእርግዝና አንሥቶ ሕፃኑ 2 ዓመት እስኪሞላው ዘለቀ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በእነዚያ እናቶች ላይ የተመዘገበው ልጅን የመበደልና ችላ የማለት ቁጥር ካልተጎበኙት በ48 በመቶ አንሶ ተገኘ። በጃማይካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጤና ረዳቶች ከቀነጨሩ ሕፃናትና ከእናቶቻቸው ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ከውዳቂ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ ልጅን ማጫወት እንዴት እንደሆነ ያሳዩ ነበር፤ ሌላ ምሥጢር አልነበረውም። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚያ ልጆች ገቢ ካልተጎበኙት አቻዎቻቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ።

እኛስ? በር የምታንኳኳ ሴት አለችን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን መመደብን መነሻው አድርጎ ነበር። ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ሕፃናት ምግብ እያስተማረች ጓዳችንን አውቃለች። አዲስ አበባም በቅርብ ዓመታት በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ ወላጆችን ቤት ለቤት ማማከር ጀምራለች። ታዲያ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት ባንገላታው በእኛ ቀጠና፣ «ለሕፃኑ አውሩለት፤ ከጭቃ ላም ሥሩለት፤ ሲንተባተብ መልሱለት» የምትል እንግዳ ብትመጣ ምን ያህል በር ይከፈትላት ይሆን? ደጋግማ ከመጣችና እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ መርማሪ ካልገባች፣ ብዙ በር ይከፈትላታል ባይ ነኝ።

እርግጥ ነው፣ ምክር ብቻውን ከብት አያግድም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሲወጡ ሕፃኑን ማን ይይዝልዎታል?» የሚል ይሁን። መልስ ከጠፋም ጎረቤትን ትጥራ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ያቺ አያት ለብቻቸው የተሸከሙት ሃምሳውንም ነው።

እናቲቱ ከባሕር ማዶ ብር ትልካለች። እኛ ከዚያው ከቀበሌያችን አንዲት ሴት መላክ ያቅተናልን?