ዘጠና ቀን በዘጠና ቀን፦ ቅኝት በቺያንግ ማይ

የታይላንዷ ቺያንግ ማይ አሮጌ ከተማ አራት ማዕዘን ነው። እያንዳንዱ ጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ዙሪያውን ውኃ የሞላበት ቦይ ይከበዋል። ንጉሥ ሜንግራይ በ1296 ሲቆረቁሩት የላና መንግሥት መናገሻ ነበር። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ታይላንዳውያን እንደ እኛው የራሳቸው የዘመን ቁጥር አላቸው፤ የእነሱ 543 ዓመት ቀድሞ ይሄዳል። 2024 በእነሱ 2567 ነው። በዚያ አገር ደረሰኝና ቅጽ ላይ የሚታየው ይኸው ቁጥር ነው።)

በጠዋት በምሥራቁ በር፣ ታ ፔ በሚባለው የሸክላ ጡብ ግንብ አጠገብ ብትቆሙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የውጭ አገር ሰዎች በቦዩ ዳር ቀስ ብለው ሲራመዱ ታያላችሁ። ካሜራም ሻንጣም የላቸውም። ከገበያ የገዙትን ፓፓያ በፌስታል ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እዚህ ይኖራሉ እንጂ አይሠሩም፤ ቢፈልጉም አይፈቀድላቸውም። ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት በታይላንድ ወንጀል ነው። አስጎብኚነት፣ ፀጉር ሥራና የታይ ማሳጅን የመሰሉ ሙያዎች ደግሞ ለዜጎች ብቻ ተለይተው የተያዙ ናቸው። አንድ አገር ሥራ ሳይሰጥ፣ ዜግነትም ሳይሰጥ ሰውን ለብዙ ዓመታት የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህች ከተማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተን፣ በለንደንና በስቶክሆልም ወደ ጡረታ እየተቃረቡ ነው። “ከዚህ ቅዝቃዜና ከዚህ የቤት ኪራይ ወዴት ልሂድ?” የሚለው ጥያቄ የእነሱም ጥያቄ ስለሆነ፣ ጉዳዩን በጥንቃቄ ማየት ይገባናል።

በሩን አልፈን ወደ ምዕራብ እንግባ። በቤተ መቅደሶቹ መካከል ባሉት ጠባብ መንገዶች የምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት፣ የታይ ቦክስ መለማመጃና የቋንቋ ትምህርት ቤት ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል። ለጎብኚ የተሰቀሉ ቢመስሉም ከጀርባቸው ቪዛ አለ። የታይኛ ቋንቋ የሚማር ሰው በተማሪ ቪዛ ይቆያል፤ ክፍል መግባቱ ግን ይጣራል፣ የኢሚግሬሽን መኮንኑም በታይኛ ጥያቄ ሊጠይቀው ይችላል። በሐምሌ 2024 ደግሞ ዲቲቪ የሚባል አዲስ ቪዛ መጣ። ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ በእያንዳንዱ መግቢያ 180 ቀን ያስቆያል። ክፍያው 10,000 የታይላንድ ባት ሲሆን፣ አመልካቹ 500,000 ባት የሚያህል ተቀማጭ እንዳለው ማሳየት አለበት። ብዙ የተወራለት በኮምፒውተር ከርቀት ለሚሠሩ ወጣቶች ነው፤ ነገር ግን ቦክስ ለሚማር፣ ምግብ ማብሰል ለሚማርና ሕክምና ለሚከታተል ሰውም ይሰጣል። ዕድሜው 50 ላልሞላ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት አርፎ መቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ዛሬ ከሁሉም የሚቀልለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ከታይላንዳዊ ጋር የተጋባ ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ ከእሱ የሚጠየቀው ተቀማጭ 400,000 ባት ነው።

የጡረተኛው መንገድ የሚያልፈው በባንክ ነው። ስለዚህ ከባንኩ ደጃፍ ትንሽ እንቆይ።

ዕድሜው 50 የሞላው ሰው በታይላንድ ባንክ፣ በራሱ ስም፣ 800,000 ባት ማስቀመጥ አለበት። እንደ ምንዛሬው ከ22 እስከ 25 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሆናል። ያ ከሌለው በየወሩ 65,000 ባት ገቢ ማሳየት ይችላል። ተቀማጩን የመረጠ ሰው ገንዘቡን ከማመልከቻው ሁለት ወር ቀድሞ ያስገባል፤ ፈቃዱ ከተሰጠው በኋላ ሦስት ወር አይነካውም፤ ከዚያም በኋላ ከ400,000 በታች እንዲወርድ አይፈቀድለትም። ሕጉን በደንብ ካያችሁት፣ የገንዘቡ ግማሽ ባለቤቱ ሊጠቀምበት የማይችል መያዣ ነው። ድንገት ቢታመም፣ የልጁ ሠርግ ቢደርስ፣ አገር ቤት ያለች እናቱ ብትቸገር ከዚያ ላይ ማንሳት አይችልም፤ ካነሳ የሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱ ይቀርበታል። የእኛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ቤተሰብ ሲቸገር “ገንዘብ አለኝ ግን አይነካም” ማለት ለእኛ ከባድ ነው።

በወር ገቢ ማመልከት ቀድሞ ቀላል ነበር። ሰውዬው ኤምባሲው ዘንድ ሄዶ ገቢውን ይናገርና ማረጋገጫ ደብዳቤ ይቀበል ነበር። የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ግን ከ2019 መግቢያ ጀምሮ ደብዳቤውን መስጠት አቆሙ። የእነዚህ አገሮች ጡረተኛ አሁን ገንዘቡ በየወሩ ከውጭ ወደ ታይላንድ ባንክ መግባቱን በሂሳብ መግለጫ ማሳየት አለበት። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ግብርም ተጨምሯል። በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ በአገሩ የተቀመጠ ሰው ከውጭ የሚያስገባው ገቢ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። ከ2024 በፊት የተጠራቀመ ገንዘብ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ የድሮ የባንክ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ።

ከባንኩ ወጥተን በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንሄድ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን እናገኛለን። ለጥቂት ዓመታት ፕሮሜናዳ በሚባል የገበያ ማዕከል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አሁን ወደ ቀድሞ አካባቢው ተመልሷል። ዙሪያውን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጉርድ ፎቶ አንሺ፣ ቡና ቤትና ጉዳይ አስፈጻሚ ከብቦታል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል። ፓስፖርቱ ገጽ በገጽ፣ የባንክ ደብተሩ ገጽ በገጽ ኮፒ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ይፈረማል።

እዚህ የሚታደሰው የአንድ ዓመት ፈቃድ 1,900 ባት ያስከፍላል። ሁለት ዓይነት ጡረተኛ ይመጣል። አንደኛው ገና ከአገሩ ሳይወጣ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀትና የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ኦ-ኤ የሚባለውን ቪዛ ይዞ የመጣው ነው። ሁለተኛው ኦ በሚባለው የ90 ቀን ቪዛ ገብቶ እዚሁ ያራዘመው ነው። ልዩነታቸው የፊደል ቢመስልም ኪስ ይነካል፦ ከጥቅምት 2019 መጨረሻ ጀምሮ ኦ-ኤ የያዘ ሰው የጤና መድን እንዲገባ ይገደዳል፤ በኦ ላይ ያራዘመው ግን አይገደድም። ዕድሜው 75 ያለፈ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው መድን ቢፈልግም የሚቀበለው ኩባንያ ያጣል። ብዙዎች ኦን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓመታዊው ፈቃድ ከታደሰ በኋላም ነገሩ አያበቃም። የውጭ አገር ሰው በየ90 ቀኑ “አድራሻዬ ይህ ነው” ብሎ ማሳወቅ አለበት። በአካል፣ በፖስታ፣ በተወካይ ወይም በኢንተርኔት ይቻላል፤ ቀኑ ካለፈ 2,000 ባት ይቀጣል። አከራዩ ደግሞ እንግዳው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። አከራዩ ካላሳወቀ ወረፋ ላይ ችግር የሚገጥመው ተከራዩ ነው። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት፣ ስለ ዋጋውም ስለ ውኃውም ከመጠየቃችሁ በፊት፣ “ታስመዘግቡኛላችሁ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ከፈቃዱ ቀን ያሳለፈ ሰው በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ይቀጣል። ከ2016 ጀምሮ ከ90 ቀን በላይ ያሳለፈ ሰው በራሱ ፈቃድ ቢወጣም እንኳ ለአንድ ዓመት አይመለስም፤ ከአንድ ዓመት በላይ አሳልፎ በፖሊስ ከተያዘ እገዳው 10 ዓመት ነው።

ስለ ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ አንድ ነገር መባል አለበት። ቅጽ መሙላትና ወረፋ መያዝ ሕጋዊ አገልግሎት ነው፤ ታይኛ ለማይችል ሽማግሌም እፎይታ ነው። ነገር ግን 800,000ው ለሌለው ሰው ገንዘቡን ለጥቂት ቀን አበድረን እናስጨርሳለን የሚሉም አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው። መዘዙም ክፍያውን ተቀብሎ በሄደው አስፈጻሚ ላይ አይመጣም፤ ፓስፖርቱ በታተመበት ሰው ላይ ነው የሚመጣው። እባካችሁ በዚህ መንገድ አትግቡ።

ከዚህ ወደ ሰሜን ኒማንሄሚን ጎዳና እንውጣ። ረጃጅም ኮንዶሚኒየሞች፣ ውድ ካፌዎች፣ ዶይ ሱቴፕ ተራራ ከበላይ። የውጭ አገር ሰው በታይላንድ መሬት አይገዛም፤ ኮንዶሚኒየም ግን የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ በድምሩ ከሕንፃው 49 በመቶ ሳያልፍ በስሙ ሊይዝ ይችላል። ቤቱን መግዛቱ ግን በራሱ የመኖሪያ ፈቃድ አያስገኝለትም፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለጸጋው በገንዘቡ ወረፋውን ያቃልላል፦ ታይላንድ ፕሪቪሌጅ የሚባለው አባልነት ከ650,000 ባት ይጀምራል፣ 5 ዓመት ያስቀምጣል። በ2022 የተጀመረው የ10 ዓመት ቪዛ ደግሞ 80,000 ዶላር ዓመታዊ የጡረታ ገቢ ላለው የ50 ዓመት ሰው ክፍት ነው፤ እሱ በ90 ቀን ፋንታ በዓመት አንዴ ብቻ ነው አድራሻ የሚያሳውቀው። ይህን ማውራት ለአብዛኛው አንባቢ ስለማይጠቅም እንለፈው።

በምዕራቡ በር አጠገብ የቺያንግ ማይ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሱዋን ዶክ ሆስፒታል አለ። ከቪዛው ይልቅ ኑሮውን የሚወስነው ይህ በር ነው እላለሁ። ኢትዮጵያውያን የታይላንድን ሆስፒታሎች አናውቅም አይባልም፤ ለልብና ለካንሰር ሕክምና ባንኮክ የሄደ ዘመድ ያለው ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ነው። ግን ታክሞ መመለስና እዚያ አርጅቶ መታመም የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አይከፍልም። ሶሻል ሴኩሪቲ ግን ዜግነት ላለው ሰው ታይላንድም ድረስ ይደርሳል። የብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ ደግሞ ወደ ታይላንድ ይከፈላል እንጂ እዚያ ለሚኖር ሰው በየዓመቱ አይጨመርለትም። በ66 ዓመቱ የተወሰነለት ክፍያ በ85 ዓመቱም ያው ነው፤ ኪራዩና መድኃኒቱ ግን ባሉበት አይቆሙም።

ከተማውን አቋርጠን ከፒንግ ወንዝ ማዶ፣ በጥንቱ የላምፑን መንገድ፣ የውጭ አገር ሰዎች መቃብር አለ። ቦታውን በ1898 የሰጡት ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ናቸው። የንግሥት ቪክቶሪያ ሐውልት ቆሞበታል፤ ከቲክ እንጨት ነጋዴዎች ጋር አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ዳንኤል ማክጊልቫሪም ተቀብረውበታል። በፋሃም ሰፈር ደግሞ ማርቲን ቩድሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አልዛይመር የያዛቸውን እናቱን ይዞ መጥቶ ያቋቋመው ባን ካምላንግቻይ የተባለ የመርሳት ሕመምተኞች መኖሪያ አለ። በአገራቸው ለአንድ ሕመምተኛ ሌትና ቀን ለሚቀመጥ አስታማሚ መክፈል ያቃታቸው ቤተሰቦች ወላጆቻቸውን ወደዚህ ያመጣሉ። ይህን ለመንቀፍ አልቸኩልም፤ የሚያስታምም ሰው በቅርብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሕመምተኛውም ቢሆን የባንክ ደብተርና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ 90 ቀኑ ለእሱም ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በጡረታ ፈቃድ የተቀመጠ ዓመት አይጠራቀምም። በሥራ ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ዓመት የኖረ ሰው ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ይችላል፤ ጡረተኛው ግን 20 ዓመት ቢኖርም እንደ መጀመሪያው ዓመት ጊዜያዊ ነው። መንግሥት ደንቡን ሲቀይር የሚከራከርለት ድምፅ የለውም። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ይህን ሲመዝን በእጁ ያለውን ሌላ ምርጫ አብሮ ቢያይ ደስ ይለኛል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያስቀምጣል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራል። ሕክምናው፣ ሰላሙና የኑሮ ውድነቱ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሰው ቺያንግ ማይን የሚመርጥበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቺያንግ ማይን የመረጠ ሰው ግን ለቪዛው ከሚያስቀምጠው 800,000 ሌላ ለሕክምና የሚሆን የተለየ ገንዘብ ይያዝ፤ በታይላንድ ላለው ንብረቱም በታይኛ ኑዛዜ ያጽፍ። አለበለዚያ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ያንን የተቀመጠ ገንዘብ ለማውጣት የማያውቁት አገር ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ወር የካቲት ነው። ገበሬው የበቆሎውን ገለባ፣ ሌላው የደኑን ቅጠል ሲያቃጥል እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ሸለቆው ጭስ ይሞላል፤ ዶይ ሱቴፕ ከከተማው አይታይም፣ በእነዚያ ቀናት የቺያንግ ማይ አየር በዓለም ከተበከሉት ከተሞች ተርታ ይገባል። ሳንባው የደከመ ሰው ወደ ባሕሩ ዳር ወይም ወደ ሌላ አገር ይሸሻል። ወደ ሌላ አገር የሚሸሽ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ይግዛ፦ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው። ያለ እሱ ከድንበር ከወጣ የዓመቱ ፈቃድ ይሰረዛል፤ ሲመለስም ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል።