ጮክ ብሎ የተቆጠረ ገንዘብ

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. እናቴን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ የደም ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለክታ፣ "እማማ፣ የሚያሳስብዎት ነገር አለ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "ምን ያሳስበኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ሌሊት ሌሊት ተነስታ በጨለማው ግድግዳ ተደግፋ እንደምትቀመጥ አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። በቤታችን ገንዘብ የሚነሳው ሲጠፋ ብቻ ነበር፤ ያውም በሹክሹክታ።

እናቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትነግድ ነበር። ድርና ማጉን ከክር ነጋዴ በዱቤ ወስዳ ለሸማኔዎች ታከፋፍላለች፤ ተሠርቶ ሲመጣ ጥለቱን አገላብጣ አይታ መደቧ ላይ ትሰቅላለች። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ያ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሠራም። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ከዚያም ለፋሲካ ሰዉ መንገዱን ይሞላዋል፤ የጥር ሠርግ ሲቃረብ ሸማኔው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ያድራል። በዓቢይ ጾም ሠርግ የለም። ክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ነው። የቤት ኪራይ፣ ጤፍና ዘይት ግን ክረምት ነው ብለው አይቀሩም።

ከጤና ጣቢያ የተመለስን ዕለት ማታ፣ እሷ ጋደም ስትል ደብተሯን ከሣጥን አወጣሁ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስም ትጽፋለች፤ ገንዘብን ግን በሰረዝ ነበር የምትመዘግበው፤ አንድ ሰረዝ አንድ መቶ ብር። በጣቴ እየተከተልኩ ስቆጥር 184 ሰረዝ ሆነ። 18,400 ብር የክር ዕዳ። እኔ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ በወር የማገኘው 2,400 ብር ነበር። ደብተሩን እንደነበረ መልሼ ሣጥኑን ዘጋሁና ሻይ አፈላሁ። ማየቴን አልነገርኳትም።

ያለን ተስፋ ዕቁቡ ነበር። አርባ ሰዎች በየእሑዱ 500 ብር ይጥላሉ፤ 20,000 ብሩ ለአንድ ሰው ይደርሳል፤ በ40ኛው ሳምንት ዙሩ ያልቃል። ወለድ የለው፣ ማስያዣ የለው፤ ያለው ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ዋስና ቃል ነው። ዕጣው የሚወጣው በተጠቀለለ ወረቀት ነው። የቸገረው ሰው ግን ተነስቶ ችግሩን ከተናገረና ዕቁብተኛው ከፈቀደ፣ ዕጣ ሳይወጣ ሊሰጠው ይችላል። እናቴ አሥራ ስድስት ሳምንት ጥላ አልደረሳትም። በ17ኛው እሑድ እሷን ወክዬ ሄድኩ።

ዳኛው "ይቺ ልጅ የምትናገረው አላት" ሲሉ ተነሳሁ። አርባ ሰው ዞሮ አየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር፤ ያ ሁሉ ዝምታ በዚያች ደቂቃ ጉሮሮዬ ላይ የተከመረ መሰለኝ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። "እናቴ ትንሽ አሟታል… እና… ከተቻለ…" አልኩና ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ቀሪውን ቃል ጠበቁ። ሲቀር ጊዜ አንዲት ሴት "እግዜር ይማራት" አለች፤ ሌሎቹም "ይማራት" አሉ። ወረቀቱ ወጣ፣ ዕጣው ለአንድ ባለ ሱቅ ደረሰ፣ ምርቃት ሆነ፣ ቤቱ ተበተነ። እኔ በር ላይ ጫማዬን እያሰርኩ እንባዬ ጣቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ዳኛው ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው። አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"ልጄ፣ ምን ፈልገሽ ነበር?"

"ዕጣው እንዲሰጠን ነበር፣ ጋሼ።"

"ታዲያ መች ጠየቅሽ?"

ደረጃው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያን ዕለት የነገሩኝን ዛሬም ሰው ፊት በቆምኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። "ድሩ ሳይወጠር መወርወሪያ አይወረወርም" አሉኝ። "ያንቺ ድር ቁጥሩ ነው። መጀመሪያ ስንት እንደሆነ ተናገሪ። ሰው ልቅሶሽን አስቀድሞ ከሰማ ያዝንልሽና ዝም ይላል፤ ቁጥሩን ከሰማ ግን አብሮሽ መቁጠር ይጀምራል።" ከዚያ ስለ ትንፋሽ ነገሩኝ፤ የፈራ ሰው ትንፋሹን ይዞ ስለሚናገር ድምፁ መሀል ላይ ይበጠስበታል፤ ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ቀስ ብለሽ አውጪው። አርባውን ሰው አትዪ፤ የምታውቂውን አንድ ፊት ያዢ። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ደብተሩን ያዢበት። ስትጨርሺ ደግሞ ተቀመጪ፤ "እና… እና…" እያልሽ አትቁሚ። በመጨረሻም "ሳምንቱን ሙሉ በአፍሽ በዪው፤ በልብሽ ያልሽው አይቆጠርም" አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አልኩት። ማተሚያ ቤት ከወረቀት ክምር ኋላ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ወጥ ሳማስል። ሐሙስ ማታ እናቴ ተኝታለች ብዬ ግድግዳው ፊት ቆምኩና ድምፄን አውጥቼ፣ "እናቴ ለክር ነጋዴ 18,400 ብር ዕዳ አለባት" አልኩ።

ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ።

"ሃያ ሦስት ሺህ ነው።"

ዞር ስል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባዋለች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። "ከግንቦት ወዲህ ያለውን አልጻፍኩትም" አለች ከነጠላው ሥር። "ስጽፈው ስለምፈራ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ስለ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራሁት ያን ሌሊት ነው። ያልተጻፈውን 46 ሰረዝ እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ። ክሩ መች እንደተወሰደ፣ የትኛው ሸማኔ ሥራ እንዳላስረከበ፣ የትኛዋ ደንበኛ ቀሚስ ወስዳ ሳትከፍል እንደቀረች፤ ሁሉም በጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ግድግዳ ተደግፋ የምትቆጥረው እሱን ነበር ለካ። ከዚያ ንግግሬን ደግሜ እንዳሰማት ጠየቀችኝ። "'ትንሽ' የምትዪውን ተዪው" ብላ አረመችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ዝም አለች፤ ቀረብ ብዬ ሳይ እንቅልፍ ወስዷታል። ዕዳን ማውራት መድኃኒት ይተካል አልልም፤ የግፊት እንክብሏን እስከ ዛሬ አላቋረጠችም። ያን ሌሊት ግን እስኪነጋ አልተነሳችም።

በ18ኛው እሑድ ትንፋሼን አወጣሁና ተነሳሁ። "እናቴ 23,000 ብር የክር ዕዳ አለባት። እስከ ዛሬ 9,000 ብር ጥላለች። የዛሬው ዕጣ ቢሰጠን ቀሪውን 22 ሳምንት እኔ እየመጣሁ እጥላለሁ።" ተቀመጥኩ። ዳኛው እንዳሉት ሆነ፤ ሰዎቹ እርስ በርስ መቁጠር ጀመሩ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ "በክረምት ከየት አምጥተሽ ትጥያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አስደነገጠኝ፤ መልሱ ግን ደብተሩ ውስጥ ነበር። ከደመወዜ የምመድበውን፣ ሁለት ደንበኞች ያለባቸውን፣ ለመስከረም ገበያ ተሠርተው የተቀመጡትን ቀሚሶች አንድ በአንድ አነበብኩለት።

ሙሉው አልተፈቀደልንም። ሌሎችም የቸገራቸው ነበሩ፣ ትክክልም ነበሩ። ዕጣው ወጣና ለዚያው ለጠየቀኝ ልብስ ሰፊ ደረሰ። እሱ ግን ተነስቶ፣ "ግማሹን ትውሰድ፤ የእናቷ ሲወጣ ግማሹን ትመልስልኛለች" አለ። ጸሐፊው መዘገበው፣ ሁለት ሰዎች ዋስ ገቡ፣ 10,000 ብር ይዤ ወጣሁ። በማግሥቱ ለክር ነጋዴው ከፍለን፣ ቀሪውን 13,000 በየወሩ 1,300 እንድንሰጠው ተስማማን። እናቴ የተስማማነውን እሱ ፊት በአፏ ደገመችው። ዕጣችን በ33ኛው ሳምንት ወጣ። እስከዚያ ሦስት ጊዜ ከፍለን ነበርና፣ ከደረሰን ግማሽ 9,100ውን ሰጥተን ዕዳው ተዘጋ። 900 ብር ተረፈን።

በዚያ 900 ብር ክር በጥሬ ገንዘብ ስንገዛ ነው እውነተኛው ቀዳዳ የታየኝ። በዱቤ የምንወስደው ክር በየመቶ ብሩ 12 ብር ጭማሪ ነበረበት። ማንም ወለድ ብሎ አልጠራውም፤ ዋጋው ነው ተብሎ ነበር የሚከፈለው። ከዚያ በፊት ስለ ቁጠባ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚመክረኝ ቡና ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ነበር። ቀንሼም አውቃለሁ፤ ድካም እንጂ ለውጥ አላየሁበትም። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍዬ፣ የገባውን፣ የወጣውንና በዱቤ የተወሰደውን ለየብቻ ስጽፍ፣ ገንዘባችን በብዛት የሚሄደው በሦስተኛው ዓምድ እንደሆነ ታየኝ። በጥር ከሸጥነው ላይ የክረምቱን ክር አስቀድመን መግዛት ጀመርን። ኋላ በ2014 የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲንር፣ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበርና፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ክር ከተቀመጠው ብር ይልቅ ጠቀመን።

በ2010 ጸሐፊው ሲለቅ ዕቁቡ እኔን መረጠ። ሰው ፊት መናገር ለመድኩ፤ እምቢ ማለትን ግን ገና አልተማርኩም ነበር። አንዲት ጎረቤት ዋስ ሁኚኝ ስትለኝ አፍሬ እሺ አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደረሳት፣ ወሰደች፣ ከሰፈር ጠፋች። ዋሶቹ ተካፍለን ስንከፍል እኔ 6,000 ብር ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ዋስ ሁኚ ስባል፣ "እስከ 2,000 ብር እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም" እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል። ሁለቱ ተቀይመው ተመልሰው መጥተዋል።

መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት መቀየሩ ተነገረ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሊተኩ፣ የ200 ብር ኖትም አዲስ ሊመጣ ነው። የዕቁቡን ግቢ እንደዚያ ሳምንት እሑድ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ኮሮና ስለነበር ጭምብል አድርገን ተራርቀን ቆምን፤ ስለዚህ መጮህ ነበረብኝ። ቁጥሩን አስቀደምኩ፦ ሦስት ወር፤ ከ10,000 ብር በላይ የሚቀይር የባንክ ሒሳብ ያስፈልገዋል፤ አምስት ብር አልተነካም። "ሊወርሱን ነው" የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶት ስለነበር ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አንድ አዛውንት የዕድሩን ገንዘብ ጠየቁ፤ ሌላው ገጠር ላለች እህቱ ጠየቀ። ሴቶቹ ግን አልጠየቁም። ጸጥታቸውን አወቅሁት፤ የእናቴ ዓይነት ጸጥታ ነበር።

ማታ በራችን ተንኳኳ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ የዕቁባችን ሴት ነበረች። በጋቢዋ ሥር የትራስ ልብስ ታቅፋለች። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው። "ባሌ አያውቅም" አለችኝ በሹክሹክታ፤ "ስንት እንደሆነ እኔም አላውቀው። ስምንት ዓመቱ ነው።" ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። አንዳንዱ ኖት የሊጥ ምልክት ነበረበት። እየፈራች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። "እታለም፣ ድምፅሽን አውጪው" አለቻት። "እዚህ ቤት ገንዘብ ጮክ ተብሎ ነው የሚቆጠር።"

ሴትየዋ እኔን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ የመጀመሪያውን መቶ ብር አነሳች፣ እጥፋቱን በጉልበቷ ላይ ዘረጋችውና፣ "አንድ መቶ" አለች። እናቴ ደብተሯን ከሣጥኑ አውጥታ ሰረዝ አሰመረች።

"ሁለት መቶ።"